ቅዳሜ ቅዳሜ የማይነሳው መኪና

ጋራዥ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ ወንድይራድ የሰጠኝ ዕቃ የሙከራ መብራት ነበር። ጫፉ ሹል የሆነ፣ ካቻቢቴ የሚመስል እጀታ፣ እጀታው ውስጥ አንዲት ፍሬ አምፖል፣ ከኋላው አንድ ክንድ ሽቦ፣ በሽቦው ጫፍ መቆንጠጫ። «መቆንጠጫውን ማሳ ላይ ታስራለህ፣ በሹሉ ሽቦውን ትነካለህ። ከበራ ኮረንቲ አለ፤ ካልበራ የለም። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው» አለኝ። ማሳ የምንለው የመኪናውን ብረት ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ እሱ ላይ ይታሰራል።

ይህ ትምህርት ትክክል ነበር። ዛሬም ሥራ ለሚጀምር ሰው የምሰጠው ይህንኑ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሰጠኝ ሁለተኛው ትምህርት ግን እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። አንድ የተበጠሰ ሽቦ ቀጥዬ ስጨርስ መጣና አየው። «ጎሽ። አሁን በጥቁር ናስትሮ ጠቅልለህ ከሌሎቹ ሽቦዎች መሀል ክተተው። ባለመኪናውም፣ ሌላ ኤሌትሪሲስታም እንዳያገኘው። ሙያ በልብ ነው» አለኝ።

ሙያ በልብ ነው የሚባለው ባለሙያ ጉራ አይነዛም ለማለት ነው። ወንድይራድ ግን መደበቂያ አደረገው። ደንበኛው ሌላ ጋራዥ ቢሄድ፣ ያኛው ባለሙያ ግራ ተጋብቶ መኪናው ተጎትቶ ወደ እኛ እንዲመለስ ነበር ሐሳቡ። እኔም ብልህነት መስሎኝ ተማርሁት። እንዲያውም ከእሱ የበለጠ ደባቂ ወጣኝ።

ጋሽ ወንድይራድ እያልሁ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። «ጋሽ» ማለቱን ለምን እንደተውሁ ነው የምነግራችሁ።

ጋራዡ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነበር። ሰፊ ግቢ ነው። በአንድ በኩል መካኒኮቹ፣ በሌላው በኩል ባትላሜራው ቆርቆሮ ሲደበድብ የሚውልበት፣ ጥግ ላይ የእኛ የኤሌትሪሲስቶቹ ክፍል። መሀል ግቢው ላይ አንድ የማንጎ ዛፍ አለ። ሾፌሮች ከሥሩ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በባሕር ዳር ስለ መኪናና ስለ ሾፌር የሚወራው ወሬ ሁሉ መነሻው ያ ዛፍ ነበር ብል አልዋሸሁም።

በዚያ ጋራዥ መልስ ለጠፋለት ብልሽት ሁሉ አንድ መልስ ነበረን፤ «ሾፌሩ ነው።» ፍሬን ቢያልቅ ሾፌሩ ነው። ሞተር ቢግል ሾፌሩ ነው። አምፖል ቢቃጠል ሾፌሩ ነው። ሾፌር ተቀጣሪ ነው፤ አሠሪው ፊት ከጋራዥ ባለቤት ጋር አይከራከርም። ይህን ስለምናውቅ ነው እንጂ ሌላ ማስረጃ ኖሮን አይደለም። የፈሪ መልስ ነበር።

ሥራ በጀመርሁ በአራተኛው ዓመት ሐጂ እድሪስ አንድ መኪና ይዘው መጡ። ሐጂ የሩዝ ነጋዴ ናቸው። ቤተሰባቸው ግን የጣና ዳር ሰው ነው፤ ወንድሞቻቸው በዓሣ ማስገርና በጀልባ ሥራ ይተዳደራሉ። መኪናው ከአዲስ አበባ የገዙት ጀርመን ሠራሽ ነው፤ ያኔም አሮጌ ነበር፣ ግን የጌታ መኪና። ወንበሩ ቆዳ፣ ዳሽቦርዱ እንጨት፤ መስኮቱም ወንበሩም በኮረንቲ የሚንቀሳቀስ። በአንዱ በሩ ውስጥ ያለው ሽቦ እኔ ተከራይቼ በምኖርበት ቤት ካለው ሽቦ ይበልጥ ነበር።

«ሌባ እንዳይወስድብኝ አንድ ዘዴ ሥሩልኝ» አሉ።

ወንድይራድ አዘዘ፤ እኔ ሠራሁ። ከሾፌሩ ወንበር ኋላ፣ ከምንጣፉ ሥር አንድ ሬሌ ደበቅሁ። ሬሌ በትንሽ ኮረንቲ ትልቅ ኮረንቲ የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ሳጥን ነው። የቤንዚን ፓምፑን ከፋብሪካው መስመር ለይቼ፣ በዚህ ሬሌ በኩል በቀጥታ ከባትሪው እንዲሠራ አደረግሁት። ከሬሌው አንዲት ቀጭን ሽቦ ወጣች። ያቺ ሽቦ በተደበቀች ማብሪያ በኩል ማሳ ካገኘች ፓምፑ ይሠራል። ማብሪያዋ ከጠፋች ሌባው ቁልፉን ሲያዞር ቢውል መኪናው አይነሳም።

ባለሙያ የሆናችሁ ስሕተቱን አይታችሁታል። ሬሌው ኮረንቲ ማግኘት የነበረበት ከማስነሻ ቁልፉ በኋላ እንጂ በቀጥታ ከባትሪው አልነበረም፤ ማብሪያዋ ካልጠፋች ፓምፑ ያለ ቁልፍም ይሠራል። እኔም ለወንድይራድ ይህንኑ ነግሬው ነበር። የቁልፉን መስመር ፈልጎ ማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እሱ ደግሞ ግማሽ ቀን አልነበረውም። «ባለመኪናው ሲወርድ ማብሪያውን ያጠፋል፤ አለቀ» አለኝ።

ወር ሳይሞላ ሐጂ ወረታ ገበያ ላይ ማብሪያዋን ማብራት ረስተው ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ተጎትተው ሲመጡ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ነበር። «ሌባ ያዙልኝ አልሁ እንጂ እኔን ያዙኝ አልሁ? አሁኑኑ ንቀሉልኝ!» አሉ።

ፓምፑን ወደ ፋብሪካው መስመር መለስሁት። ማብሪያዋን ነቀልሁ። ሬሌውን ላወጣ ምንጣፉን ስገልጥ ወንድይራድ ከኋላዬ መጣ። «ተወው፣ ማን ያየዋል? ሌላ መኪና እየጠበቀህ ነው» አለ። የቀጭኗን ሽቦ ጫፍ በናስትሮ ጠቀለልሁና ምንጣፉን መለስሁበት። ሬሌው ከባትሪውም ከፓምፑም እንደተገናኘ ቀረ። ለሐጂ አልነገርሁም፤ የትም አልጻፍሁም። ከጥቂት ወራት በኋላ እኔ ራሴ ረሳሁት።

ዓመታት አለፉ፤ ዋና ኤሌትሪሲስታ ሆንሁ። የሐጂ መኪና ሾፌር ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ የይፋግ ሰው ናቸው፣ ከአባቴ ጋር እኩያ። መኪናው ከመጣ ጀምሮ ይዘውታል። ሲያስነሱ ቢስሚላህ ብለው ቁልፉን ያዞራሉ፣ ከዚያ ትንሽ ጆሮ ሰጥተው ሞተሩን ያዳምጣሉ። እኛ «መኪናውን ጸሎት የሚያስደርስ» እያልን እናፌዝባቸው ነበር። ጆሮ እንደነበራቸው የገባኝ በኋላ ነው።

በመጣ በሰባተኛው ዓመት መኪናው ጠዋት አልነሳ ማለት ጀመረ። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጠቅ ጠቅ ብቻ ይላል፤ የዳሽቦርዱ መብራቶች ይፈዛሉ። ባትሪው ባዶ ሆኗል ማለት ነው። በካቦ ከሌላ መኪና ጋር አያይዘው ሲያስነሱት ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ያለ እንከን ይሄዳል።

እንደ ደንቡ ሠራሁ። ባትሪውን ፈተንሁ፤ አዲስ ነው። ዲናሞውን ለካሁ፤ በደንብ ይሞላል። የማሳውን ገመድ ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ መልሼ አሰርሁት። ሞተሪኖውን አውርጄ ካርቦኑን ቀየርሁ። በመጨረሻ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ የሙከራ መብራቴን በመሀል አስገባሁ። ሁሉ ነገር ጠፍቶ ሳለ መብራቱ ከበራ፣ በድብቅ ኮረንቲ የሚበላ ነገር አለ። አልበራም። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ጋሽ ሰይድ አጠገቤ ቆመው «አበጀ፣ የታዘብሁትን ልንገርህ?» አሉኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ነው እንቢ የሚለው። ዓርብ ደግሞ አቁሜው በሩን ስዘጋ፣ ቁልፉ በእጄ ሆኖ፣ ከኋላው እንደ ንብ ቀፎ እምም የሚል ነገር እሰማለሁ።»

እስኪጨርሱ እንኳ አልጠበቅሁም። «መኪናውም ሰንበት ማክበር ጀመረ በሉኛ!» አልሁ። ማንጎው ሥር የተቀመጡት ሾፌሮች ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ ያኔ የነበርሁትን ጎረምሳ በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኛል።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሐጂ ራሳቸው አብረው መጡ። ግቢው መሀል ቆመው «ሦስተኛ ጊዜ ነው። ሦስት ሌሊት እናንተ ዘንድ አድሯል። ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ።

ወንድይራድ እኔን አየኝ። ሾፌሮቹም አዩኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ከሁለት ፊደል የማይበልጥ ነገር ነበር የጎደለኝ፤ ትሕትና አልለውም፣ ወኔ ነው። «መኪናው ንጹሕ ነው ሐጂ» አልሁ። «ሾፌርዎ ውስጡ ተቀምጦ ሬዲዮ እየሰማ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው።»

አላየሁም። ማንም አላየም። ከአፌ የወጣው የለመድነው መልስ ነው።

ወንድይራድ ወዲያው ተቀበለኝ፤ «እኛ ዘንድ ሲያድር በአንድ ቁልፍ ነው የሚነሳ። እርስዎ ዘንድ ሲያድር ለምን ይሞታል? ልዩነቱ ሾፌሩ ነው።»

«ወላሂ አላደረግሁም» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«አንተ ሰውዬ፣ አትዋሽ!» አልኋቸው። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ያ ሁሉ ሾፌር እያየ፣ አንተ ብዬ ውሸታም አደረግሁ።

ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ሰይድ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው አስረከቡ፣ ከግቢው በእግራቸው ወጡ። ሰባት ዓመት የያዙት ቁልፍ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በባሕር ዳር የሚቀጥራቸው ጠፋ። የማንጎው ሥር ወሬ ከእሳቸው ቀድሞ በየበሩ ይደርስ ነበር። ለሾፌርነት ሲጠይቁ «አንተ ነህ ባትሪ ጨራሹ?» ይሏቸው ጀመር። ወረታ ሄደው ሩዝ መፈልፈያ ቤት ጆንያ ይሸከማሉ ሲባል ሰማሁ። ሰምቼ ምሳዬን በላሁ።

አንድ ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ደወሉልኝ። «ና። መኪናው ሞቷል። አዲሱ ሾፌር ከትናንት ጀምሮ እዚህ ድርሽ አላለም። ቁልፉ እኔው ዘንድ ነው ያደረ። አሁን ደግሞ ማን ሬዲዮ እንደሰማ ትነግረኛለህ» አሉ።

የሄድሁት ቅዳሜ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን መኪና ቅዳሜ ነክቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ነው። የኋላውን በር ስከፍት ዓሣ ሸተተኝ። ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ያለውን ምንጣፍ ብዳስሰው ረጥቧል።

«ሐጂ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወንድሞቼ ዘንድ እወርዳለሁ። ለየዘመዱ የማደርሰውን ዓሣ ጨው ነስንሰው፣ በደንገል ጠቅልለው ይሰጡኛል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ልማድ አድርጌዋለሁ።»

«እዚህ ነው የሚያስቀምጡት?»

«እዚሁ ነው። ሰይድ ከኋላ ከዕቃ መጫኛው እናድርገው ይለኝ ነበር። የእንግዳ ሻንጣ ዓሣ ሊሸት ነው ብዬ እንቢ አልሁት።»

ይዤው የሄድሁትን ሙሉ ባትሪ በካቦ አያያዝሁ። ቁልፉ በሐጂ እጅ ነው። ካቦው እንደነካ ከመኪናው ኋላ ድምፅ ተነሳ። እምም። እንደ ንብ ቀፎ። ባለቤት የሌለው ፓምፕ ያለ ቁልፍ እየሠራ ነበር።

ምንጣፉን ገለጥሁት። ሬሌው አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ተቀምጧል። የቀጭኗ ሽቦ ናስትሮ በውሃው ሙጫው ለቆ ተፈትቷል፤ ራቁቱን የቀረው ጫፍ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ፣ ዝገት የያዘው ወለል ላይ ተኝቷል። ጨዋማ ውሃ ኮረንቲ ያሳልፋል። ሽቦዋ ዓርብ ዓርብ ማሳ ታገኛለች፣ ሬሌው ይከፍታል፣ ፓምፑ ሲሠራ አድሮ ባትሪውን ይጨርሳል። እሑድ በባሕር ዳር ሙቀት ይደርቃል። ማክሰኞ እኔ የሙከራ መብራቴን ይዤ መጥቼ «ንጹሕ ነው» እላለሁ።

ሌላ ሰው ነው የሠራው ብዬ ራሴን ላታልል አልቻልሁም። እኔ ግራኝ ነኝ፤ ናስትሮ የምጠቀልለው ሰው ሁሉ ከሚጠቀልልበት በተቃራኒ ነው። ሬሌው ላይ የቀሩት ጥቅሎች ሁሉ ወደ ግራ የሄዱ ነበሩ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ለሐጂ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኹም። «ሰባት ዓመት የማውቀውን ሰው ትቼ አንተን አመንሁ» አሉ። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ሬሌውን በእጄ ይዤ ጋራዥ ተመለስሁና ለወንድይራድ አሳየሁት። እንዳየው አወቀው። «ጣለው» አለ። «ከአዲስ አበባ ሲመጣ የነበረ ነው በላቸው።»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሞኝ! ለአንድ ሾፌር ብለህ የጋራዡን ስም ታጠፋለህ?»

ለአንድ ሾፌር! ያንን ቃል ዛሬም ስሰማው ጆሮዬ ይግላል። የመሣሪያ ሣጥኔን አንስቼ ወጣሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጋሽ ብዬው አላውቅም።

በማግስቱ ወረታ ወረድሁ። ጋሽ ሰይድ መፈልፈያ ቤቱ በር ላይ ጆንያ ከትከሻቸው ሲያወርዱ አገኘኋቸው። ፀጉራቸውም ቅንድባቸውም የሩዝ ገለባ ብናኝ ለብሷል። «ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎን ፈልጌ ነው የመጣሁ» አልሁና ከማብሪያዋ ጀምሬ እስከ ዓሣው ነገርኋቸው። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡኝም። እኔ የነፈግኋቸውን ነው የሰጡኝ።

ስጨርስ ትከሻቸውን አራገፉ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ አለማድረጌን አውቃለሁ» አሉ። «የተዋረድሁት ማንጎው ሥር ነው። እዚያ ተናገር።»

«ሐጂም ይመለስልኝ ብለዋል።»

«ሐጂ መኪና አላቸው። መንገዱንም ያውቁታል።»

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጋራዡ ተመለስሁ። ማንጎው ሥር ሰባት ስምንት ሾፌሮች ተቀምጠዋል። ጋሽ ሰይድ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሐጂ ራሳቸው ወረታ ሄደው ነበር ያመጧቸው። ወንድይራድ «ከግቢዬ ውጣ!» እያለ መጣ። እኔ ሬሌውን ከፍ አድርጌ ያዝሁ።

«ጋሽ ሰይድን እዚህ ቦታ ውሸታም ብያቸዋለሁ» አልሁ። «ውሸታሙ እኔ ነኝ። ባትሪውን የጨረሰው ይህ ነው፤ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። እሳቸው ቅዳሜ ነው ብለው ነበር፣ ድምፅ አለ ብለውም ነበር። እኔ ሳቅሁ። እናንተም ሳቃችሁ።»

አንዱ ሾፌር ተነስቶ ጎማውን ለጋሽ ሰይድ ለቀቀላቸው። አልተቀመጡም። ሐጂ ቁልፉን ዘረጉላቸው። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ሳይሰነዝሩ «ዓሣው የት ነው የሚቀመጠው?» ብለው ጠየቁ።

«አንተ ባልህበት» አሉ ሐጂ።

ያኔ ቁልፉን ተቀበሉ፤ ቢስሚላህ ብለው አስነስተው ወጡ። ለእኔ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። የራሴን ጋራዥ ከከፈትሁ ቆይቻለሁ፤ መኪናውም አሁንም ይሠራል፤ ጋሽ ሰይድ ግን ሲበላሽ ሌላ ኤሌትሪሲስታ ዘንድ ነው የሚወስዱት። በጋራዤ በር ባለፉ ቁጥር እናደዳለሁ፤ በእሳቸው አይደለም።

አሁን በሠራሁት መኪና ሁሉ ውስጥ የነካሁትን ሽቦ ጽፌ ወረቀቱን ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ እተዋለሁ። የማይጠቅም መስመር ካገኘሁ ጎትቼ አወጣለሁ፤ ግማሽ ቀን ቢፈጅም።

መኪና አልነሳ ሲላችሁ ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሾፌሩን ጠይቁ። እስኪጨርስም ስሙት።